የአባዬን ጫካ ለኮስኩት

ጥር 12
ዛሬም የጫካውን ዳር ስንመነጥር ዋልን። ወገቤ ሞተ። ቤት ስገባ አባዬ ቦት ጫማውን ይወለውላል... ጡረታ ወጥቶም አይተወውም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ጫካ ከእሳት ሲጠብቅ ኖሮ... እንዴት ብዬ ልንገረው? ልናቃጥለው ነው። ከሚለኩሱት አንዷ እኔ ነኝ።

ጥር 14
ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።
"ማን ነው ያለው?"
"አለቃችን። ጥዶቹ አርጅተዋል አባዬ፣ ከሥራቸው አንድ ቡቃያ የለም። ፍሬው በሙጫ ታሽጓል፣ እሳት ካልነካው አይከፈትም ትላለች..."
"እኔም አርጅቻለሁ። እኔንም ለኩሱኝ በያት።"
ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። አለቃችን ተሳስታ ቢሆንስ?

ጥር 15
አንድ ፍሬ ይዤ መጣሁ። በቢላ ታገልኩት። ድንጋይ ነው።

ጥር 19
ነፋሱ ጸጥ አለ። አለቃችን "አይዞሽ እህቴ፣ ከኋላዬ አትራቂ" አለች። ለኮስኩ። እሳቱ መጀመሪያ መሬቱን ላሰ፣ ከዚያ ግንዱን ያዘ፣ ከዚያ አናቱ ላይ ወጣና አገሳ። ጫካው ሁሉ ጠቆረ። ምን አደረግኩ?
አባዬ መስኮቱን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ጥር 20
ፍም ልናጠፋ ገባን። ከላይ ቀጭ... ቀጭ... ይላል። ቅርንጫፍ ሊወድቅብኝ ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ። ቀና ስል ፍሬዎቹ ናቸው፣ ሙጫው ቀልጦ እየተከፈቱ። ዘሩ ክንፍ አለው ለካ፣ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ አመዱ ላይ፣ ፀጉሬ ላይ... አለቃችን ቆብዋን አወለቀች።
ለአባዬ ልነግረው ሮጬ ገባሁ። "ምግብ ድስት ውስጥ አለ" ብቻ አለኝ።

ሰኔ 6
ዝናቡ ከገባ ሰነበተ። ዛሬ አባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "የጫካዬን ሬሳ አሳዪኝ" አለ።
ከዝናቡ ወዲህ እኔም አላየሁትም። ባይበቅልስ?... ደረስን። ጥቁር ግንዶች። ከሥራቸው ግን መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ ጣት የማያክሉ ጥዶች፣ እስከ ዓይን መጨረሻ። አባዬ ተንበረከከ። ሊነካቸው እጁን ዘረጋና መለሰው።
"ይኼን ሁሉ ዘመን... በሩን የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ?"
"አንተ ባትጠብቃቸው ዘሩስ ከየት ይመጣ ነበር አባዬ?" አልኩት።
ስንመለስ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እየመረጠ ከፊቴ ሄደ። ቆየት ብሎ፣ ሳይዞር፣
"የኔ ልጅ፣ እኔ የረገጥኩበትን ርገጪ" አለኝ።