ስለ አባትህ ጥይቶች

ሰቆጣ፣ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለወንዳወቅ ገብረ አምላክ
ጂንካ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደብዳቤው በእኔ እጅ ስለተጻፈ አትደንግጥ። አባትህ «እኔ እጽፍለታለሁ» እያለ ሦስት ወረቀት ቀዶ ጣለና ተወው። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ስደውል አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል ይለቅማል። አሁን ከቤት ወጥቷል፣ እስኪመለስ እጽፍልሃለሁ። ሾፌሩ ምስጋናው ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ከዚያ በፖስታ ይልክልሃል።

ጊደሯ ወልዳለች። ነፋስ ገንጥሎት የነበረው የማድቤቱ ቆርቆሮ ተመትቷል። ጉልበቴም የላክኸውን ቅባት ከቀባሁት ወዲህ ደህና ነው፣ ሽታው ብቻ ጎረቤት ያሸሻል።

አባትህ የሄደው ለፈተና ነው። ታኅሣሥ ላይ የገበሬዎች ማኅበሩ የእህል መጋዘኑ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ሁሉ ኢላማ ተኩሶ ይፈተናል ይላል። ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ቆሞ፣ አምስት ጥይት። አራቱን ክቡ ውስጥ ያላገባ ይሰናበታል። አባትህ ያን በር ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቋል። ሰው ሲጠራው እንኳ «ገብረ አምላክ መጋዘን» ነው የሚለው። ጠዋት የሚነሳው ለእሱ ነው፣ ጫማውን የሚወለውለው ለእሱ ነው። ከዚያ በር ቢነሳ ምን ሆኖ እንደሚውል አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ስድስት ጎራሿን ሽጉጥ ታስታውሳታለህ፤ ማዕድን ፍለጋ መጥቶ የነበረው መሐንዲስ አገሩ ሲመለስ ፖሊስ ፊት አስፈርሞ የሰጠው። አፈሙዟ ጠባብ፣ ጉልበቷ ግን ብዙ ነው፤ አባትህ «ማግነም እኮ ናት» እያለ ይኮራባታል። መከራዋ ጥይቷ ነው። ሰቆጣ ቀርቶ አዲስ አበባም አይገኝም። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ እየለቀመ፣ መሐንዲሱ በተወለት የእጅ መጫኛ ራሱ ይሞላዋል፤ ልጅ ሆነህ ቀለሁን በሎሚ ውሃ ታጥብለት አልነበር?

ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ቤታችን የጥይት ፋብሪካ ሆኗል። ወርቅ ሠሪው ሙሄዲን ሚዛኑን አውሶናል። አባትህ አሥር አሥር ጥይት ይሞላል፣ የእያንዳንዱ ምድብ ባሩድ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ እንዳይምታታበትም ቂጣቸውን በጥፍር ቀለም ይቀባል። ቀለሙን ሊገዛ ሪሃና ሱቅ ሄዶ «ቀዩ ይሻላል ወይስ ሮዙ?» ሲል ሴቶቹ ሳቅ ገደላቸው። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ለቀበሌው አስታውቀን ወደ ደረቁ ወንዝ እንወርዳለን፣ የፓስታ ካርቶን ገደሉ ላይ ይሰካል፣ ሃያ እርምጃ ይቆጥራል፣ ይተኩሳል። ከዚያ ደብተሩ ላይ ይመዘግባል።

ምን ብሎ ይመዝግብ? አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ጭራሽ ካርቶኑን አላገኘውም። መጀመሪያ እርሳሱ ነው አለ። እርሳሱን እንደገና አቀለጥን። ቀጥሎ ብርዱ ባሩዱን አደንዝዞት ነው አለና ጥይቶቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይዞር ጀመር። በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። ባሩዱን ሚዛኑ ላይ የማፈሰው እኔ ነኝ፤ ከመስቀል ወዲህ እሱ ሲያፈስ ግማሹ ጨርቁ ላይ ይቀራል። «እጅሽ ከብዷል!» አለኝ። እኔ ደግሞ «እስቲ ድንጋይ ላይ አስደግፈህ ተኩሳት» አልኩት። «ፈተናው ላይ ድንጋይ ተሸክመሽልኝ ልትመጪ ነው?» ብሎ በኽምጣንጋ ቋንቋ የማልጽፍልህን ጨመረበት።

ባለፈው ሐሙስ ለቅሶ ሊደርስ ጋዝጊብላ ሄደ። እኔም ሽጉጧንና ከቀይ ምድቡ አምስት ጥይት ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ኒሯቅ ቆላ ሳለሁ አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ማሽላውን ከዝንጀሮ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ጠመንጃ እጄ አያውቅም አትበል። አምስቱንም ተኮስኩ። ሄጄ ካርቶኑን ሳየው አምስቱ ቀዳዳ በአንድ መዳፍ ተሸፈነ። ጥይቱ ምንም አልጎደለውም። ካርቶኑን ቀዳድጄ ጣልኩና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አልነገርኩትም። ቅዳሜ ግን ወንዙ ውስጥ ሽጉጧን ዘረጋልኝና «እስቲ አንቺ ሞክሪያት፤ ከእኔ ይሁን ከጥይቱ ይለይልን» አለ። ዓይኑን አየሁት። ተቀበልኩና አምስቱንም አውቄ በተንኩለት። አንዱን እንዲያውም ገደሉ አናት ላይ ሰደድኩት።

ደስታውን ብታይ! «አላልኩሽም? ጥይቱ ነው! ጥይቱ ነው!» እያለ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ ወጣው። ራቱን ጠርጎ በላ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲያስቅ ዋለ። እኔም መልካም ሠራሁ ብዬ አሰብኩ፣ ሞኟ።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ዘርግቶ ጠበቀኝ። «ባሩዱ አንሷታል። ዛሬ እንጨምራለን» አለ። መሐንዲሱ ደብተሩ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ «ከዚህ ያለፈ ሽጉጧን ያፈነዳታል» ብሎ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። አባትህ ራሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን መስመር እንደ ታቦት ሲያከብር ኖሯል። አሁን ጣቱን ከመስመሩ አሳልፎ «እስከዚህ» አለኝ።

«አላፈስም» አልኩት።

«እንግዲያው እኔ አፈሳለሁ» ብሎ ማንኪያዋን ወሰደ። ባሩዱ ጨርቁ ላይ፣ ጭኑ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተበተነ። እንደገና ጨለፈ። ያቺ ሽጉጥ ፊቱ ላይ ስትፈነዳ ታየኝ፤ ይህን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ቅዳሜ የሳትኩት አውቄ ነው» አልኩት።

አላመነኝም። ሴት ናት፣ ፈርታ ነው ብሎ ነው መሰለኝ። ሽጉጧንና የቀሩትን ቀይ ጥይቶች አነሳሁና «ተከተለኝ» ብዬ ወጣሁ። ወንዙ ውስጥ ካርቶኑን ሰካሁ፣ ሃያ እርምጃ ቆጠርኩ፣ አምስቱን ተኮስኩ። እሱ ሄደ፣ ካርቶኑ ፊት ቆመ፣ መዳፉን ጫነበት። መዳፉ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከሃያ እርምጃ አየሁት።

ተመልሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ።

«ከመስቀል ጀምሮ። የሸሚዝህን ቁልፍ መቆለፍ ስጀምር።»

«እኔ ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ» አለ።

ተናደድኩ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስታደክመኝ ኖርክ? እርሳስ ስናቀልጥ፣ በብብትህ ስታሞቅ?»

«ጥይት ይስተካከላላ፣ ጥሩሐረግ። ባሩዱን ብቀንስ፣ ብጨምር፣ ይስተካከላል። እጄን በምን ላስተካክለው?» አለኝ። ቀጠለና «ቅዳሜ ስትስቺ ግን እውነት መስሎኝ ነበር» አለ። «ሁለት ቀን ሙሉ።»

ልጄ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ቀለሁን ለቀምኩና አብረን ወደ ቤት ወጣን።

ማክሰኞ ሌላ አምስት ጥይት እንሙላ አለ። እኔ አፈሰስኩ፣ እሱ ሚዛኑን አየ፣ ከቀዩ መስመር በታች በቀድሞው ልክ። ዛሬ ጠዋት ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ይዟቸው ወጣ። አብሬህ ልምጣ ብለው እንቢ አለ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ መጣ፤ ደብዳቤውን ከመሶቡ ሥር ደብቄ ውሃ ሰጠሁት። አሁን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ቶሎ ቶሎ ልጨርስልህ። አልተኮሰም። ተራው ሲደርስ ሽጉጧንና አምስቱን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ የማኅበሩን ሊቀመንበር «ጥይቶቹ ትክክል ናቸው፣ ማንንም አስተኩሳችሁ እዩ፤ ባለቤቴና እኔ ነን የሞላናቸው። የማይተኩሰው እጄ ነው» ብሎ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከበ። አንዱ ወጣት ጥበቃ በእሱ ጥይቶች ቢተኩስ አምስቱንም ክቡ ውስጥ አገባ። አባትህ ካርቶኑን ለምኖ ይዞ መጥቷል። ይኸው ግድግዳው ላይ ሰክቶታል፤ ደጅ ሆኖም በበሩ አሻግሮ ያየዋል።

አንተ ሆስፒታል የምትሠራ ነህና ሐኪሞቹን ጠይቅልኝ። ቀኝ እጁ ነው፣ አርፎ ሲቀመጥ ይብስበታል፣ እርምጃውም አጥሯል። መድኃኒት ካለው ንገረኝ፤ ለፋሲካ ስትመጣ ይዘኸው ወደ ደሴ እንድትወርድ ነው የማስበው። እኔ ብለው አይሄድም።

አሁን በመስኮት «ለወንዳወቅ እየጻፍሽ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ስለ እጄ ነገርሽው?» አለ። «የለም፣ ስለ ጥይቶቹ ነው የጻፍኩለት» አልኩት። «ደግ አደረግሽ፣ አምስቱም እንደገቡ ጻፊለት» አለኝ።

እንግዲህ ስትደውል ስለ እጁ አንዳች እንዳትጠይቀው። ስለ ጥይቶቹ ጠይቀው፣ ረጅም ሰዓት ያወራሃል፤ አንተም ሳትቸኩል ስማው።

የዋግ ታቦታት ከክፉ ይጋርዱህ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጡህ፤ በጤና ያገናኙን።

እናትህ
ጥሩሐረግ