«ሙከራ» ላለ ሁሉ «ደርሷል» ይሉ የነበሩት ጋሽ መዘውር

የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኞች የመረዳጃ ሰሌዳ ጽሕፈት ቤት፣ በኢንተርኔት ሰሌዳችን ላይ «መዘውር» በሚል መለያ ስም የሚታወቁት፣ አብዛኞቻችን ግን «ጋሽ ደርሷል» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ አባላችን በሰባ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚገልጸው በከባድ ሐዘን፣ በዚያም ላይ በሐፍረት ነው። ያረፉት ዓርብ ግንቦት 8 ሊነጋጋ ሲል፣ ብቻቸውን ይኖሩበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አንዳችን እንኳ አልተገኘንም፤ አልሰማንማ።

ጋሽ መዘውር በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመካኒክነት አገልግለዋል። መርፌ ሊሰብር የተቃረበን መኪና ከአዳራሹ ጥግ ሆነው በድምፁ ይለዩት እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል፤ ማጋነን የሚያውቁ ሰው አልነበሩምና አምነናቸዋል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ባለቤታቸው አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። የእህታቸው ልጅ ቢሮዋ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አምጥታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችላቸው፤ ወደ እኛ የመጡት በዚያ ነው።

አጀማመራቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ስለ አንድ የላላ ቀበቶ የጻፉትን ማብራሪያ በሙሉ የአርእስቱ ሳጥን ውስጥ ጠቀጠቁት። ለእህታቸው ልጅ ለብቻዋ ሊልኩላት ያሰቡትን «ምሳ በልቻለሁ፣ አትጨነቂ» የሚል መልእክት ለመላው አባል ላኩት፤ ሠላሳ አንድ ሰው «እሰይ፣ ጋሼ» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል፣ በስሕተት ይሁን አውቀው ሳንረዳ፣ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ መብላታቸውን ያሳውቁን ነበር። መላሹ እየቀነሰ ሲሄድ ተዉት። ለምን ተዉት ብሎ የጠየቀ የለም።

ለሰሌዳው ካበረከቱት ጥቂቱን እንገልጻለን።

በአባልነታቸው ሁለተኛ ዓመት፣ ጥቅምት ወር፦ «ፎቶ ማያያዝ ለሚፈራ ሰው» የተሰኘውን ባለ ሰባት መስመር መመሪያ አዘጋጁ። ሰባተኛው መስመር «እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አይምቱት፣ እኔን ይጥሩኝ» ይላል። ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ጥር ወር፦ የመለማመጃ ክፍሉን አስከፈቱ። አዲስ ሰው ጽሑፉ መድረሱን ለማየት መጀመሪያ የሚጽፈው ቃል «ሙከራ» ነው። እሳቸውም በገቡበት ቀን «ሙከራ» ብለው አራት ቀን መልስ ጠብቀዋል። «ሰው የሌለበት ቤት ያንኳኳሁ መስሎኝ ልመለስ ነበር» ብለው አጫውተውናል። በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብለው፣ «ሙከራ» ላለ ሁሉ «ደርሷል። ይታያል። እንኳን ደህና መጡ» እያሉ በስምንት ዓመት ውስጥ፣ ገብቶ የወጣውንም ጨምሮ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ሰው ተቀብለዋል። ይህን ሥራ የሰጣቸው አልነበረም፤ ያገዛቸውም የለም።

በአምስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ወር፦ አባሉ ሰሌዳው ላይ መኖሩን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ከስማቸው አጠገብ ቀንም ሌትም ስለማትጠፋ፣ ጽሕፈት ቤቱ ስለ «ውጣ» ቁልፍ አጠቃቀም በደብዳቤ አስረዳቸው። «ቁልፉን አውቀዋለሁ፤ እኔ ወጥቼ ሰው ቢመጣስ?» ሲሉ መለሱ። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ነጥቧ እስከበራች ድረስ ጋሽ መዘውር አሉ ብለን ተኛን።

ሐሙስ ግንቦት 7 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋሽ መዘውር ራሳቸው ባስከፈቱት የመለማመጃ ክፍል ውስጥ «ሙከራ» ብለው ጻፉ። መዝገቡ እንደሚያሳየው ሠላሳ ሰባት አባላት አንብበውታል። ይህን መግለጫ የሚያረቅቀው የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊም አንዱ ነው፤ «ጋሼ ደግሞ ምን እየነካኩ ነው» ብሎ ፈገግ አለና አለፈ። እዚያ ክፍል ውስጥ መመለስ የእሳቸው ሥራ ነበርና ማንም አልመለሰላቸውም። በዚያ ሳምንት ደረታቸውን ሲያማቸው እንደሰነበተ የሰማነው ዘግይተን ነው። ምን ፈልገው እንደጻፉ አናውቅም፤ ማወቅ የምንችልበት ቀንም አልፏል።

ሰኞ ግንቦት 11 አንዲት አዲስ ልብስ ሰፊ ገብታ «ሙከራ» ብላ ጻፈች። ሁለት ቀን ጠብቃ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ? አረንጓዴ የበራላቸው አባትስ ደህና ናቸው?» ስትል ጠየቀች። በመካከላችን የሁለት ቀን ዕድሜ ያላት እሷ ብቻ ጠየቀች። ያኔም የስልክ ቁጥራቸው ማናችንም ዘንድ አልተገኘም።

ቅዳሜ ግንቦት 16 የእህታቸው ልጅ ክፍሉን ልታጸዳ ገብታ፣ ኮምፒውተሩን እንደበራ አገኘችው። በእሳቸው ስም እንዲህ ብላ ጻፈችልን፦ «አጎቴ ካረፈ ስምንት ቀኑ ነው። ወዳጅ እንዳለው ነግሮኝ አያውቅም። እናንተ እነማን ናችሁ?»

ይህ መግለጫ ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው። እህታችን፣ እኛ አጎትሽ ያስተማሩን ሰዎች ነን። ፎቶ ማያያዝን፣ የሰው ቃል ጠቅሶ መመለስን፣ የጻፉትን ማረምን ከእሳቸው ተምረናል። ሰው መጠየቅን ግን ሳንማር ቀረን። ወዳጆቻቸው ነን ለማለት አፋችን አይደፍርም፤ እሳቸው ወዳጃችን ነበሩ።

ጽሕፈት ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ የመለማመጃ ክፍሉን አባላት በተራ እንዲጠብቁ፣ ሦስት ቀን ድምፁ የጠፋ አባል ነጥቡ ቢበራም ባይበራም ስልክ እንዲደወልለት ወስኗል። ለእህታቸው ልጅ፣ ለቀድሞ የፋብሪካ ባልደረቦቻቸውና ለመላው አባላት መጽናናትን እንመኛለን። ልብስ ሰፊዋንም፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ እንኳን ደህና መጣሽ እንላለን።

የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሩን ላጥፋው ወይ ብላ ጠይቃናለች። ዛሬ ሰኞ ግንቦት 18 እስከ ስድስት ሰዓት እንድትታገሠን ለምነናት ፈቅዳልናለች። ከዚያ በፊት፣ ጋሽ መዘውር ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ከጻፉት ቃል ሥር የሚከተለው መልስ በሁላችን ስም ተጽፏል፦

«ደርሷል፣ ጋሼ። ይታያል።»