ቢላ የሚያስይዙት ሰው

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤ ደሴ

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ገበያነሽስ ወገቧ ተሻላት? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ ነው የበረታብን።

ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ በጀሚል እጅ ልኬዋለሁ። ሥጋ ቤቱን አስዘግቼ የላክሁት ነውና ሻይ ሳትጋብዘው እንዳትሸኘው።

«አፌን ዘጋው» እያልክ ለሰው እንደምትነግር ሰማሁ። ያደግንበትን ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ እንድጠብቅ ስትመርጡኝ «ነጋዴ ነው፣ ከማንም አይጣላም» ያልከው አንተ ነህ። ጽሑፍህን አጠፋሁ እንጂ አንተን አላስወጣሁም፤ ተቆጥተህ የወጣኸው ራስህ ነህ። ጤፉ እንክርዳድ ቢኖርበት አስነፋዋለሁ እንጂ ያመጣውን ገበሬ ከደጄ አላባርርም። የገዛ ወንድሜ ሚስባህ የጻፈውንም አጥፍቻለሁ፤ እሱ ደግሞ «ለጓደኛህ አደላህ» ብሎ አኩርፎኛል።

ፖለቲካውን ብቻ ብታማ እተወው ነበር። አንተ ግን ያንን ወገን በሙሉ «እባብ» አልከው። እህል እንጂ ሰው በጅምላ አይመዘንም፣ ወንድሜ። አማችህ የሚሆነው ልጅ ከዚያው ወገን እንደሆነ፣ አጎቱም እዚያው ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ንዴትህ አስረሳህ።

ግሩፑን ስጠብቅ የምውል እንዳይመስልህ። ያን ቀን ጆንያ እያስጫንኩ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። እያለቀሰች «ጋሼ፣ ጽሑፉን ሳያዩት አጥፋልኝ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልነግርህም፤ ወላሂ ብዬላታለሁ።

ልጄን ኢስራን ስድር ለክርስቲያኑ እንግዳ ያረድከው አንተ ነበርክ። ዳሱ በር ላይ ቆመህ «ዛሬ ባለቤቱ እኔ ነኝ» እያልክ ሰውን ስታስገባ ዛሬም ይታየኛል። አሁን ለልጅህ ለሊድያ ሠርግ ለሙስሊሙ የሚያርድ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ አሉ። ጀሚል «አንተ ከቀረህማ ሙስሊሙ ሽሮ በልቶ ሊመለስ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰው ቢላ የሚያስይዘው የሚያምነውን ነው።

ከቢስቲማ ገበያ ሁለት ሙክት አስመጥቻለሁ፤ ግቢዬ ውስጥ ታስረው ይጮሃሉ። ትርፍ ቢሰጡኝም አልሸጣቸውም። ጥምቀት አልፎ የሠርጉ ለት ሲነጋ ደጅህ ነኝ። በሩን ከዘጋህብኝ ዳሱን ከአጥርህ ውጭ እተክለዋለሁ፤ እንግዳህ ግን ሳይበላ አይሄድም።

ፈጣሪ ጎጆዋን ያሙቅላት፤ ለልጆቿም ክርስትና በአንድ ዳስ ያገናኘን። ሊድያን ግንባሯን ሳምልኝ። እንግዲህ አታልቅሺ በላት።

አብሮ አደግህ፤ ከኮምቦልቻ