ትንሽ ወደ ኋላ

እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትራገሚያለሽ? ጋሼስ? ያቺን ፒካፕ ዛሬም በየማለዳው እንደ ሕፃን ያጥባታል? ልጆቹ ይኸኔ በቁመት አልፈውሻል። ትናፍቁኛላችሁ። ስለ እኔ “ደህና ነኝ” ልልሽ ነበር፤ ግን ይህን ቃል በየፎቶው ጀርባ ስጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

በወረቀቱ እንዳትስቂ። የምጽፍልሽ ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ፣ ቅድ በምታወጣበት ቡናማ ወረቀት ነው። ባሌ በር ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። ሱቅ አብሮኝ ይገባል፣ ሐኪም ቤት አብሮኝ ይገባል፤ የሴት ልክ ሲወሰድ ግን መጋረጃ ይዘጋላ! እዚህ እንኳ ወንድ አይገባም። እኔም በዚህ ዓለም ላይ ብቻዬን የምቆመው ከዚህ መጋረጃ ጀርባ ነው።

እንደምታውቂው ለበጋው ሽርሽር እኔና ልጄ በየዓመቱ ከአንድ ጣቃ ልብስ ይሰፋልናል፤ በፎቶ ላይ ያምራል ብሎ። ዘንድሮ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። እጅጌው ረጅም ይሁን ብሏል። በዚያ ሙቀት! ሰፊዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ዓምና ክንዴን ስትለካ ሜትሯ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አየችኝ፣ አየኋት፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ልብሴን አንድ ጊዜ በትክክል ሰፍታልኝ አታውቅም። አንዱ ጎን ይጠባል፣ አንገቱ ይሰፋል፣ ሚስትህ እንደገና ትምጣ ትለዋለች። እሱ እንደ እብድ ይሆናል፤ ይቺ ሴትዮ እጇን ምን ነካት ይላል። ሥራዋ ካለቀ በኋላ ግን ፎቶ ላይ ስለሚያምርለት አይለውጣትም። ጉድ ናት እኮ!

ሥራውን ታውቂያለሽ፤ የተጋጨ መኪና ለኢንሹራንስ ፎቶ ማንሳት ነው። ፊት ለፊት፣ ከኋላ፣ ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን፣ ከዚያ የተሰረጎደውን ቀረብ ብሎ። እኛንም የሚያነሳን እንደዚያው ነው፤ ብቻ የእኛን የተሰረጎደ ጎን ወደ ወዲያ ያዞረዋል። በየዓመቱ አንድ መንገድ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ አቋቋም። መጀመሪያ ማደያው ጋ፣ ቀጥሎ ድልድዩ ላይ፣ ከዚያ ትልቁ ዛፍ ሥር፣ መጨረሻ ሐይቁ ዳር። በመሀሉ ከመኪና አንወርድም። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ለልጅ ደህንነት ነው ይላል፣ እኔንም ከኋላ ነው የሚያስቀምጠኝ። አንድ ጊዜ ልጄ ሽንቷ መጣ ብላ ስታለቅስ ድልድዩ እስኪደርስ ቻይው አላት። ቻለችው፣ የኔ ምስኪን። ድልድዩ ላይ ፎቶው እስኪያልቅም ቻለችው።

ሌላ ዓመት ደግሞ፣ ስቀሽ ትሞቻለሽ፣ ሐይቁ ዳር ባደርንበት ማታ ፎቶዎቹን እያየ ሳለ ድልድዩ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተገኘሁ። ጠዋት መኪና አስነሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ነድቶ ድልድዩ ላይ መልሶ አቆመን። አሁን ክፈቺው አለኝ። እኔም ከፈትኩት። ያቺ ፎቶ ናት እናንተ ሳሎን በትልቁ የተሰቀለችው።

ክላክስ አደረገ። ወረቀቱን ሰፊዋ ከጨርቅ ጥቅሉ ሥር ታስቀምጥልኛለች።

እትዬ፣ ተመለስኩ። ዛሬ የግራ እጅጌው ከቀኙ በአራት ጣት አጥሮ ተገኘ። ሴትዮዋ ደረቷን እየደቃች ይቅርታ ስትጠይቀው ብታዪ! ተዋናይ ነው መሆን የነበረባት።

አሁን ነገሬን ልናገር። ተናድጄብሻለሁ። አልዋሽሽም፣ እስካሁን አልበረደልኝም። በየዓመቱ ፎቶው ሲደርስሽ ትደውያለሽ፤ እሱ ስልኩን ጮክ አድርጎ መሀላችን ያስቀምጠዋል፤ አንቺም ታድለሽ፣ እንዲህ የሚያዝናና ባል ማን አለው፣ የእኔው ከመኪናው ሥር አይወጣም ትያለሽ። የዓምናዋን የሐይቁን ፎቶ አይተሽ ደግሞ ጸጉርሽን በግራ በኩል መልቀቅሽ እንዴት አምሮብሻል አልሽኝ። እሱ ሳቀ። እኔም አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ፎቶዎቹን ሁሉ አውርጂና እጄን እዪ። ፊቴን ተዪው፣ ፊቴን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እጄን እዪልኝ። አውራ ጣቴ የት አለ?

አስታወስሽ? እማማ እንግዳ ሲመጣባት ከመሀል አስቀምጣኝ ወደ ገበያ ትሄዳለች። ያቺ ጉንጬን እየቆነጠጠች የምትስመኝ አክስታችን፣ የአፏ ሽታ! እኔ መነሳት ነውር ስለሆነብኝ አውራ ጣቴን ጨብጬ ቡጢዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ። አንቺ በበሩ ሽንቁር ታዪኝና ከተፍ ትያለሽ፤ እማማ ትጠራሻለች ትይኛለሽ። እኔም ይቅርታ ብዬ እነሳለሁ፤ ጓሮ ገብተን በሳቅ እንፈርሳለን። አንድ ቀን እንኳ አሳልፈሽ ሰጥተሽኝ አታውቂም ነበር። ከሠርጌ ማግስት ወዲህ ባሉት ፎቶዎች በሙሉ፣ እትዬ፣ አውራ ጣቴ ቡጢዬ ውስጥ ነው። ማደያው ጋ፣ ድልድዩ ላይ፣ ዛፉ ሥር። እሱ እጅሽን ዘርጊ ብሎኝ አያውቅም፤ ለእሱ እጅ እጅ ነው። ለአንቺ ግን ነበር የምጨብጠው። ዛሬ ታየዋለች፣ ነገ ታየዋለች እያልኩ ስንት በጋ አለፈ!

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የልጄን ነው። ፍንጭት እያልሽ የምትጠሪያት፣ ያ ፍንጭቷ በፎቶ ላይ ክፍተት ይሆናል ብሎ አፏን ገጥማ እንድትስቅ አስተማራት። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ገብታ በመስታወት ስትለማመድ አገኘኋት። ከንፈሯን ገጥማ፣ ጉንጯን ሳብ አድርጋ፣ ቆይ ደግሞ ከእንደገና። አየችኝና እማዬ አሁን ልክ ነው? አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ብዬ እጇን አየሁ። አውራ ጣቷን ጨብጣዋለች። ማን አሳየሽ ብላት፣ ፎቶ ላይ አንቺ እንዲህ ነሽ አይደል? አለችኝ። እኔ ነግሬያት አላውቅም። ከፎቶው ላይ አይታ ነው የተማረችው፤ አንቺ ያላየሽውን እሷ አየችው። ለምን እንደሚጨበጥ እንኳ አታውቅም፤ የፎቶ ወግ መስሏታል።

ስለዚህ ስሚኝ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ እንወጣለን። እሱ አይለውጥም፤ ቢሞት አይለውጥም። ዛፉ ጋ የምንደርሰው ረፋዱ ላይ፣ ጥላው አስፋልቱን ሳይለቅ ነው። ዛፉን ታውቂዋለሽ፤ ወደ እናንተ ከሚያስገባው መገንጠያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሾፌሮች ጥላው ሥር መኪና አቁመው የሚያርፉበት። መገንጠያውን ባለፍን ቁጥር ዓይኔ እዚያው ይቀራል። አንድ ጊዜ እትዬ ቤት ጎራ እንበል ብዬው መንገዱ ለመኪናው አይመችም አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ይረግጣል።

ዛፉን ከነጫፉ ለማስገባት አስፋልቱን ይሻገርና ሜዳውን ወርዶ ይርቃል። በዓመት ውስጥ ከእኛ እንደዚያ የሚርቅበት ሌላ ቀን የለም። ከዚያ ሆኖ በእጁ እየጠቆመ ይጮሃል፤ ትንሽ ወደ ኋላ! ገና! ትንሽ ወደ ኋላ! እኔና ልጄ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እየሳቅን፣ ጀርባችን ግንዱን እስኪነካ እንሄዳለን። መኪኖቹ የሚቆሙት ከግንዱ ጀርባ ነው። ዘንድሮ ግንዱ ጋ ስንደርስ አንቆምም።

ጋሼ ፒካፑን አፍንጫዋን ወደ መንገድ አዙሮ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ። ሚስጥር አይችልም፣ እስከ ዋዜማው አትንገሪው፤ ያለዚያ ጎረቤቱ ሁሉ መኪና ሊያጥብለት ይመጣል። ለከርሞ አልልሽም፤ ከርሞ የለም። ዝውውሩ ጸድቆለታል፣ ከሽርሽሩ እንደተመለስን ዕቃ እንጭናለን። እዚያ ደግሞ በእናንተ በኩል የሚያልፍ መንገድ የለም፤ ይቺን ሴትዮም አላገኛትም።

የምትመጪ ከሆነ ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ደውዪና ልብሱ ተሰፍቶ አለቀ ወይ ብለሽ ጠይቂኝ። ስለ ልብስ ሲወራ እሱ ሰዓቱን ነው የሚያየው። መምጣት ካልቻልሽ ስለ ልብሱ አታንሺ፤ አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየምሻለሁ። እስክሞት እቀየምሻለሁ።

ስታገኚኝ ደግሞ እንዳታለቅሺ፣ ስሜን እንዳትጠሪ፣ እንዳታቅፊኝ። እንደ ድሮው ከተፍ በዪና እማማ ትጠራሻለች በዪኝ። እማማ ካረፈች ቆየች፣ አውቃለሁ፤ ግን ያኔስ ስትጠሪኝ መቼ ቤት ነበረች? ልጄም ትስማው። ጣቷን ለምን እንደጨበጠች ያን ቀን ይግባት።

አሁንም ክላክስ አደረገ፤ ረጅሙን ነው። ሰፊዋ ወረቀቱን አጥፋ ከደንበኞቿ አንዷ ወደ እናንተ ስለምትሄድ በእጇ እልክልሻለሁ ብላለች። አምላክ ለእሷም ዕድሜ ይስጣት። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ የጋሼን ፒካፕ ሳይቀር ይባርክልኝ፤ ያን ቀን እንዳታሳፍረን።

ታናሽሽ

ረስቼው። ስትጠሪኝ ከቀኜ በኩል ሁኚ። በግራዬ ከዓምናው ሐይቅ ወዲህ አይሰማኝም። በስልክ ጆሮዬን ብርድ መታኝ ብዬሽ ነበር።