በሁለት በሮች መካከል ስለቆየው የወንድሜ እጅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ራስዎን ሳያምዎት፣ ክንድዎን ሳይቆረጥምዎት፣ ይህን ጽሑፍ በሁለት እጅዎ ይዘው እንደሚያነቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ባለፈው ሳምንት ምሳ ዕቃ አቅፎ በብረት በሮችዎ መካከል የቆመው ሰውዬ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አናጢ ነው። መጋዙ ቀኝ እጁን ከአንጓው ቆረጠው፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች ቁስሉን አፍነው አስረው ይዘውት በረሩ። እጁን ከሰጋቱራው ውስጥ ያገኘነው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ወደ ሆስፒታልዎ ስደውል ያነሳችው ነርስ እንዳዘዘችኝ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ በላስቲክ ቋጠርኩት፣ በረዶው ሥጋውን ሳይነካው በምሳ ዕቃው ውስጥ በረዶ ላይ አስቀመጥኩት። “ቶሎ ከደረሰ ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል ጋሼ፣ ይሩጡ” አለችኝ። ሮጥኩ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፩ኛ. የውጭው በር ጥበቃ በአክብሮት አስገብተውኝ ከኋላዬ ስለቆለፉልኝ።

፪ኛ. የውስጡ በር ጥበቃ፣ ምግብ ከመጠየቂያ ሰዓት ውጭ እንደማይገባ በትሕትና ስላስረዱኝ። ምግብ አይደለም፣ እጅ ነው አልኳቸው። የማን እጅ? አሉ። የታካሚ፣ አልኩ። ጥቂት አሰቡና፣ የታካሚ ንብረት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ይረከብ አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው አላጋጠመኝም።

፫ኛ. በድንገተኛ ክፍል በኩል ዞሬ ልሞክር ብል፣ የመውጫ ወረቀት ስለሌለኝ የውጭውም በር ስላልተከፈተልኝ።

ቆምኩ። በረዶው ይቀልጣል። ይሰማኛል። ክዳኑን መክፈት ፈራሁ፤ መሬት ላይ ማስቀመጥም ፈራሁ። ወንድሜ ልጅ ሳለ መንገድ ስናቋርጥ እጁን እይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ጊዜ ይዤው አላውቅም።

፬ኛ. የመጠየቂያው ሰዓት ሲደርስ፣ አንዲት ደቂቃ ሳታዛንፉ ስለከፈታችሁ። ሳህንና ፔርሙስ ከያዙት ጋር ተሰልፌ ገባሁ። ሐኪሙ ክዳኑን ከፈቱ፣ አዩ፣ መልሰው ከደኑት። አያያዙ ደህና ነበር፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ፣ አሉኝ። ቀደም ብዬማ ነበር። ከሳቸው የሚለየኝ አንድ ፍርግርግ ነበር።

ቅሬታ የለኝም። አንድ ልመና ብቻ፦ በበሮቹ መካከል ወንበር ያስቀምጡልን። ከእኔ በኋላ እግር ይዞ የሚመጣ ሰው ይደክመዋል።

ለሕጉ ጥንካሬ፣ ለቁልፉም ደህንነት ዘወትር የምጸልይ፣
የአናጢው ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜን የሌሉት ጣቶቹ ያሳክኩታል። ትናንትም “ጋሼ፣ እስቲ አውራ ጣቴን እከክልኝ” አለኝ። የት ላይ እንደማክለት መመሪያ ካለዎት፣ በአክብሮት እጠብቃለሁ።