ቅቤ የተቀባው ድንጋይ፦ የአቶ ታረቀኝ ወልደዮሐንስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታረቀኝ ከአባታቸው ከአቶ ወልደዮሐንስ ተክለማርያምና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ አብይ በ1954 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ ተወለዱ። በይርጋጨፌና በዲላ ተምረው፣ አዲስ አበባ በኬሚስትሪ ተመርቀዋል። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ብዙነሽ ቶሌራ ጋር ትዳር መሥርተው ሳምራንና ፀጋን አፍርተዋል።

ለጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ ዲላ በሚገኝ ላቦራቶሪ ገብተው፣ ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ማዕድን ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ፍንካች ከልዩ ጨው ጋር ፈጭተው፣ እንደ ሳንቲም ጠፍጥፈው ብርሃኑ ፊት ያቆሟታል፤ ምንነቷን መሣሪያው ይናገራል። ክረምት ሲገባ ጨው ይረጥባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ሰው ግን ዕንቁ አገኘሁ ብሎ ድንጋይ በጋዜጣ ጠቅልሎ መምጣቱን አይተውም። ደክሟቸው ቤት ሲገቡ «ድንጋይ መፍጨቱስ ባልከፋ፤ የሰው ተስፋ መፍጨቱ ነው የሰለቸኝ» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ከጉጂ በኩል ኤመራልድ የሚባል አረንጓዴ ዕንቁ ተገኘ የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ግዛቸው የገደብ ማሳቸውን ቡናና እንሰት በከፊል ነቅለው መቆፈር ጀመሩ። ያገኙትን አረንጓዴ ድንጋይ፣ ሙሽራ ሳትቀባ አትወጣም ብለው፣ ቅቤ ቀብተው አመጡት። መሣሪያው በመጀመሪያ ያሳየው ቅቤውን ነበር፤ አቶ ታረቀኝ ስቀው አጠቡት። ሁለተኛው ምርመራ ግን አላሳቃቸውም። ድንጋዩ ዋጋ የማያወጣ ተራ ኳርትዝ ነበር።

አቶ ግዛቸው ቁፋሮውን ላለማቆም «ይሆናል» እንዲሏቸው ብቻ ለመኗቸው። አቶ ታረቀኝ «አይደለም» አሉ። ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፤ በእናታቸው ለቅሶ ላይ እንኳ ለየብቻ ተቀመጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም የእነሱ ንጋት ዘገየ፤ ይህም አቶ ታረቀኝን ከሥራው ሁሉ በላይ አደከማቸው።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ አቶ ግዛቸው ካልተነቀለው ማሳ የተለቀመ ቡና ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ‹ይሆናል› ብለውኝ ቢሆን ይህንንም በነቀልኩት» አሏቸው። አቶ ታረቀኝ የወንድማቸውን እጅ ይዘው ቆዩ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። መቃብራቸውን የቆፈሩት፣ ሰው ቢለምናቸውም ዶማውን ለማንም ያልሰጡት፣ አቶ ግዛቸው ናቸው።

እግዚአብሔር የደከመች ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ በክረምት የረጠበውን የገደብ አፈርም ያቅልልላቸው።