እድፍ ስላልሆነው መስመርና ስለ መስታወት አጽጂያችን ዕረፍት

የሰማይ ፎቶግራፍ የተነሣባቸውን መስታወቶች ለሠላሳ አራት ዓመታት ሲያጸዱና በየፖስታቸው ሲያስቀምጡ የኖሩት፣ ሁላችንም «እትዬ መስታወት» የምንላቸው የቀድሞ ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። ተቋማችን ይህን የሚገልጸው በጥልቅ ኀዘን ነው። ኀዘን ብቻ ቢሆን መግለጫው አጭር በሆነ ነበር፤ አፍረናልም።

እትዬ መስታወት በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት ተደበላልቀው የነበሩ አራት ሺህ መስታወቶችን በቀንና በሰማይ አቅጣጫ ለይተው አደራጅተዋል። በእጃቸው አንድም አልተሰበረም። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቻችን ሰባት ሰብረዋል።

በስድስተኛው ዓመት፣ በደቡባዊው ሰማይ ያለ አንድ ጋላክሲ የተነሣበት መስታወት ተሰጣቸው። በጋላክሲው መሐል፣ ከአንዱ ጥምዝ ክንድ እስከ ሌላው፣ እንደ በር መቀርቀሪያ የተጋደመ ጥቁር መስመር ይታያል። የክፍሉ ኃላፊ እድፍ ነው ብለው እንዲጸዳ አዘዙ። እትዬ መስታወት ቢያሹት ቢያሹት አልለቅ አለ። ያው ጋላክሲ በሌላ ዓመት የተነሣበትን መስታወት አምጥተው በላዩ ቢያነባብሩት፣ መስመሩ እዚያው ቦታ ላይ አለ። «ጌታዬ፣ እድፍ በሁለት መስታወት ላይ አንድ ቦታ አይቀመጥም» አሉ። ፖስታው ላይም «እድፍ አይደለም» ብለው በእርሳስ ጻፉ።

በተቋማችን አሠራር መስታወት ማነባበር ክልክል ነው፤ ፖስታ ላይ መጻፍም የተመራማሪ ድርሻ ነው። ጽሑፉ በላጲስ ጠፋ፤ ለእሳቸውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት የሌላ ተቋም ባለሙያዎች መስመሩ ከከዋክብት የተሠራ መሆኑን አረጋገጡ፤ በመስታወቱ ላይ የከዋክብት ብርሃን የሚወጣው ጥቁር ሆኖ ነው። እኛም ዓይናችንን በጨው አጥበን «ቀድመን አይተነዋል» አልን፤ መስታወቱንም ለትርኢት አቀረብን። ለትርኢቱ ያጸዱት እትዬ መስታወት ናቸው።

ማስጠንቀቂያው ከግል ማኅደራቸው እንዲነሣላቸው ሦስት ጊዜ አመልክተዋል። የመጨረሻውን ማመልከቻ ያስገቡት ጡረታ በወጡበት ሳምንት ሲሆን፣ «ልጄ አንድ ቀን ብታየው፣ እናቴ ሥራ አትችልም ነበር እንዳትል ነው» ይላል። «እየታየ ነው» ብለን መለስን። ማንም አላየውም።

ማስጠንቀቂያው ትናንት ተነሥቷል። በፖስታው ላይም ቃላቸው በቀለም ተመልሶ ተጽፏል። መነሣቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዘን ቤታቸው ስንሄድ ልጃቸው በሩ ላይ ቆመው አነበቡት፤ አጥፈውም መለሱልን። «የተጻፈው ለእናቴ ነው፤ ለሷ ስጧት» አሉን።

ለልጃቸው፣ ለዘመዶቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቻችን መጽናናትን እንመኛለን። በደብዳቤ ማስረከቢያ መዝገባችን የተቀባይ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ባዶውን እንዲቀመጥ ወስነናል።

የተቋሙ አመራርና ሠራተኞች